ተበልታለች

ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይ የሚኮርጅ ልጅ ዓይኑ ያሳብቅበታል፤ ቀና ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ካየ እያሰበ ነው፣ ቀና ብሎ እኔን ካየ ግን የሆነ ቦታ ወረቀት ደብቋል። በዚህ የተነሳ ውሸታም ከእኔ አያመልጥም ብዬ እኮራ ነበር። ባልደረቦቼም «አንቺማ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ይሉኛል፤ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ነገሩ የሆነው በሴሚስተር እረፍት ሳምንት ነው። እኔ አዳማ ነኝ፣ እናቴ አርሲ ነገሌ። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን ደግሞ ሞራ ጋርዶት፣ ደጃፏ ላይ ሰው ሲቆም ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አትለይም። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ወደ አዳማ ይመጣሉ ሲባል ሰምቼ፣ ስንት ደጅ ጠንቼ አስመዘገብኳት። ተራዋ የመጨረሻው ቀን ላይ ወጣ፤ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። ያ ቀን ካለፈ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በሚኒባስ ለምን አትመጣም እንዳይባል፣ ባለፈው ዓመት ሻሸመኔ መናኸሪያ ስትወርድ ደረጃውን ስታ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ ሚኒባስ ላይ ከወጣሁ እግሬን ይቁረጠው» ብላ ምላለች። ስለዚህ ረቡዕ ሄጄ እዚያው አድሬ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በራሴ መኪና ላመጣት ተስማማን። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ በመኪናዋ ልትወስደኝ ነው» ብላ አውርታለች።

ሰኞ ዕለት መኪናዋ መጮህ ጀመረች። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ከፊተኛው ጎማ በኩል ቀጭ ትላለች። አንድ ጊዜ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት፤ እንዳልሰማት።

መኪናዋ የባለቤቴ ነበረች። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በሕይወት ሳለ እኔ ጋራዥ ደጃፍ ድርሽ ብዬ አላውቅም። ከእሱ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩበት መካኒክ ደህና አድርጎ ተጫወተብኝ፤ የፍሬን ሸራ ቀየርኩልሽ ብሎ ያንኑ አሮጌውን ፍቆ፣ አጽድቶ መልሶ ገጠመልኝ። ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። አጠገቡ ቆሜ እያየሁት፣ «እጅህ ይባረክ» እያልኩ እየመረቅሁት ማድረጉ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሽርጥና ቱታ የለበሰ ወንድ ባየሁ ቁጥር ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋ ጀመር። መምህራን ክፍል ውስጥ ብሶቴን ሳወራ አንዲት የባዮሎጂ አስተማሪ ዘዴ ሰጠችኝ። «ጋራዥ ከመግባትሽ በፊት ዕቃው ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጊበት። ቀየርኩልሽ ሲል ነጥብሽን ትፈልጊያለሽ፤ ካገኘሽው ሌባውን ያዝሽው ማለት ነው» አለችኝ። ይህን ያህል ዓመት ወረቀት ስፈትሽ የኖርኩ ሴት እንዴት ሳላስበው ቀረሁ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዤ፣ ካርቶን አንጥፌ ተንበረከክሁ። ከጎማው ጀርባ እጄ የደረሰበት ብረት ሁሉ ላይ ቀይ ነጥብ አኖርኩ። ምኑ ምን እንደሆነ አላውቅም። አንዷ ብረት ትዝ ትለኛለች፤ የጎማ ቆብ የደፋች፣ አውራ ጣት የምታህል ናት። ቆቧ ተቀዶ ጥቁር ግራሶ ተፍታለች። ግራሶው ቀለሙን አላስይዝ ስላለኝ በጨርቅ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ነጥቤን አሳምሬ አኖርኩባት። እጄን ታጥቤ ተነሳሁ፤ ለጦርነት የተዘጋጀሁ መሰለኝ።

የሄድኩት ጎረቤቴ የጠቆመችኝ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ ከገበያው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ባለቤቱ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ የፊት ጥርሳቸው ሦስቱ የወለቀ የአርሲ ሽማግሌ ናቸው። አብሯቸው የሚሠራው በዕድሜ የሚቀርባቸው ቀጭን ሰው ነው። ሽማግሌው አማርኛቸው በኦሮምኛ ዜማ ነው፤ ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ ይላሉ። «አካም ጅርታ ልጄ» አሉኝና ሌላ ወሬ ሳይጨምሩ መኪናዋን በክሪክ አነሷት። ነገሌ እንደምሄድ፣ ለምን እንደምሄድ፣ ሐሙስ የመጨረሻ ቀን እንደሆነ ነገርኳቸው። ያን ያህል መናገር አልነበረብኝም ብዬ ወዲያው ተቆጨሁ። የቸኮለ ሰው መሆኔን በራሴ አፍ ሰጠኋቸዋ።

ጎማውን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ይዘው ወዘወዙት። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ነይ ያዥው» አሉኝ።

ያዝኩት። ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰች።

«ተሰማሽ?»

«ተሰማኝ» አልኩ። በሆዴ ግን፣ የቤቴ በር እጀታም እንዲህ ይነቃነቃል፣ እስካሁን አልገደለኝም አልኩ።

«ይቺ ቴስቲና ትባላለች። መሪሽንና ጎማሽን የምታያይዝ ጉልበት ናት። አልቃለች። ይቺ ከወለቀች መሪው እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ጎማው በራሱ ፈቃድ ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይቀየራል። ግን ደህናው ዕቃ ዛሬ የለም፤ ሐሙስ ከሰዓት ነው የሚገባው። አስመሳዩ በየሱቁ ሞልቷል። እሱን አልገጥምልሽም።»

ሐሙስ ከሰዓት! ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት። የነገርኳቸውን ቀን ጠብቀው ያመጡት መሰለኝ። አሁን «እባክዎ አባቴ፣ ዛሬ ያድርሱልኝ» ብዬ እንድለምን፣ ከዚያ «አንድ ሰው ጋ አለ፣ ግን ዋጋው…» ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ፤ ግን አላሉም። አለማለታቸውን ልብ ማለት ሲገባኝ፣ ይሄ ደግሞ ስልቱ ረቀቅ ያለ ነው አልኩ።

በዚህ መሐል እናቴ ደወለች። ራቅ ብዬ አነሳሁት። «ልብሴን አጣጥፌ ጨርሻለሁ። ነጩን ቀሚስ ልልበስ ወይስ ሐኪሞቹ ያቆሽሹብኛል?» አለችኝ። «ልበሽው እማዬ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ ሁለቱ ሰዎች ከመኪናው ሥር ነበሩ፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። እኔ መመለሴን አላዩም።

«ኛታምቴ ጅርቲ» አሉ ሽማግሌው። ቀጭኑ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር መለሰላቸው። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ኦሮምኛዬ ለንግግር መድረክ ባይበቃም ለገበያና ለሐሜት አያንሰኝም። ኛታምቴ ጅርቲ ማለት ተበልታለች ማለት ነው። እኛ ደግሞ ተበላ የምንለው ማንን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ተሞኝቶ ኪሱን የተራቆተን ሰው ነው። ተበልታለች። ሴት ናት የተበላችው። እዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሴት አልነበረችም።

ደሜ ፈላ። ያኛው መካኒክ ቢያንስ ከኋላዬ ነበር የሳቀብኝ፤ እነዚህ ገና ሳይበሉኝ ሥሬ ተኝተው እየሳቁ ነው።

«አውርዱልኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ተስበው ወጡ። «ምን አልሽ?»

«መኪናዬን አውርዱልኝ። እኔ ለመበላት ገና ነኝ።»

ግራ ገባቸው። ከእኔ ወደ ጓደኛቸው፣ ከጓደኛቸው ወደ እኔ አዩ። ያ አስተያየት የጣሪያ አስተያየት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የማውቀው፣ ምንም ያልደበቀ ልጅ አስተያየት። አይቼዋለሁ። አይቼው እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ተቆጥቼ ነበራ።

ክሪኩን አወረዱ። ስንት ነው ብል «ለማየት አላስከፍልም» አሉ። ይሄም ወጥመድ ነው ብዬ ሞተር አስነሳሁ። በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ በዚህ ነገሌ አትሂጂ። እምቢ ካልሽ አንድ ነገር ስሚኝ። አሁን ቀጭ ነው የምትለው። ድምፁ ከወፈረ ቁሚ። አንድ እርምጃ አትጨምሪ።»

«ምክርዎን ለሌላ ሴት ያቆዩት» አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ ብዬ አላውቅም። አፌ ቁርጥ ይበልልኝ።

በዚያው ንዴት ወደ ሌላ ጋራዥ ነዳሁ። ይሄኛው ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ የሚቀመጡበት ሶፋ አለ። አንድ ሽቶ የተቀባ ወጣት ከመሪው ሥር ገመድ ሰክቶ ኮምፒውተሩን አየ። ጎማውን አልነካም። ከሥርም አልገባም።

«ማዘር፣ መኪናሽ አሪፍ ናት። ምንም ኤረር የለባትም» አለኝ።

«ቀጭ ትላለችኮ።»

«መንገዱ ነው ማዘር። የእኛ አገር መንገድ የማያስጮኸው መኪና አለ?»

ሳቅሁለት። አመሰገንኩት። ኮምፒውተር የሽቦውን ነገር እንጂ የጉልበቱን ነገር እንደማያይ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ ማሰብ ይበቃል። እኔ ግን የምፈልገውን ሰጥቶኛል። መጥፎ ወሬ የነገሩኝን ሽማግሌ ግማሽ ቀን ስመረምራቸው ዋልኩ፤ ጥሩ ወሬ የነገረኝን ልጅ አንድ ጥያቄ አልደገምኩለትም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ከሞጆ አዲሱን ፈጣን መንገድ ትቼ በአሮጌው ሄድኩ። ለምን ብትሉኝ፣ በዚያኛው መንገድ መቶ ሃያ የሚበሩት ያስፈሩኛል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሽማግሌው ሆዴ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ካመንኳቸው ለምን እሄዳለሁ? ካላመንኳቸው ለምን በአርባ እነዳለሁ? መቂ ቀጭ። ባቱ መግቢያ ላይ ቀጭ። ላንጋኖን ካለፍኩ በኋላ መንገዱ ቀጥ ሲል ድምፁ ጠፋ፤ ደስ ብሎኝ መዘመር ሁሉ ቃጣኝ። ነገሌ ስገባ የእህል ገበያው ሰው ፈስሶ ነበርና በሕዝቡ መሐል ስጠማዘዝ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጮኸ። የእናቴ በር ላይ ሳቆም መሪውን የያዙት ጣቶቼ ደርቀው አልዘረጋ አሉኝ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጸሎቷን አድርሳ ከጎኔ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ ወጥተው መረቁን። አንዲት ጎረቤቷ «ስትመለሺ እኔን ነው መጀመሪያ የምታዪኝ፤ እንዳትደነግጪ» አለቻት። እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ዓይን ሲደክም ጆሮ ይነቃል። ቡልቡላ ሳንደርስ ጀመረችኝ።

«ይሄ ቀጭ የሚለው ምንድነው?»

«ምኑ?»

«አሁን ያለው። ስትዞሪ ጊዜ።»

«መኪና ነዋ እማዬ። መኪና ይጮሃል።»

ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆምኩ፤ ጥጃው እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤ ተነሳሁ። ቀጭ።

«ይኸው» አለች። «ሰው አይቶታል?»

«አይቶታል።»

«ምን አለ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ነግረውኛል። አንደኛው በእጁ ይዞ፣ ወዝውዞ፣ እኔንም አስይዞ ነው። ሁለተኛው ሳይነካ ነው። እናቴ ጠየቀችኝ፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

«ምንም የላትም አለ» አልኳት።

«እሰይ» አለች፣ መቁጠሪያዋን ጨበጥ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ የነዳሁትን መንገድ በደንብ አላስታውሰውም። ሰዓቱን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፣ ቀሚሷን አያለሁ። አዳሚ ቱሉ ጋ ልቁም አልኩ። ብቆም ምን እላታለሁ? ዋሸሁሽ ልበላት? ባቱ ላይ ልቁም አልኩ። ባቱን አለፍኩ። መቂ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነበር። በደህና እየነዳን ነው፣ እንደርሳለን፣ እዚያ ከደረስኩ ዘላለም አልነካትም፣ ገፍቼ ነው ጋራዥ የማስገባት ብዬ ተሳልኩ። መሳል ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ እውነቱን ያውቃል ማለት ነው።

መቂ መሐል የሽንኩርት ጭነት መኪኖች ቀኝ መንገዱን ይዘው እየጫኑ ነበር። እነሱን ልለፍ ብዬ ወደ ግራ ወጣሁ። አልፌ ወደ ቀኝ ልመለስ መሪውን ሳዞር ድምፁ ወፈረ።

ጓ።

መሪው እጄ ላይ ቀለለ። ዞረ፣ ዞረ፣ የሚይዘው ነገር የለም። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ግራ ሄደ፤ እኔ ወደ ቀኝ ነው የማዞረው። ከፊት ለፊት እስከ አናቱ ሽንኩርት የጫነ መኪና እየመጣ ነበር። ፍሬን ላይ ቆምኩ፤ በሁለት እግሬ። ቀኝ እጄን እናቴ ደረት ላይ ጫንኩ። የዚያ መኪና ጎማ ሲጮህ፣ ሰዎች «ያዘው! ያዘው!» ሲሉ ሰማሁ። ከላይ አንድ ጆንያ ወድቆ ተቀደደና ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

ከዚያ ዝም አለ። የጭነት መኪናው ግንባር በእሷ በኩል ካለው መስኮት አንድ ክንድ አይርቅም። ሙቀቱ ይሰማል።

እናቴ ቀሚሷን አስተካከለች። «ደረስን እንዴ?» አለች።

ሾፌሩ ወርዶ መጣ። ሊሰድበኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እናቴን አየ፣ ወደ ጎን የተጋደመውን ጎማ አየ፣ ተወው። «እናትሽን ይዘሽ በዚህ?» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጫኞቹ መኪናዋን ገፍተው ከመንገድ አወጧት። አንድ የሽንኩርት ደላላ «ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፣ አያታለሁ» አለኝ። እናቴን ለሁለት ደግፈን ሚኒባስ ላይ አወጣናት። ስለ መሐላዋ አንድ ቃል አላነሳችም። ሞጆ ላይ ሌላ ሚኒባስ ቀየርን፤ እስኪሞላ ጠበቅን። ሁለት ጊዜ ሰዓት ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀንሼ ነገርኳት።

ሆስፒታሉ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ነርሷ ትሑት ልጅ ናት፤ አልጮኸችብንም። «ተራው ለተጠባባቂ ተሰጠ እማማ። ሐኪሞቹም ዛሬ ይመለሳሉ» አለች። እኔ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኩ፣ በመጨረሻ አለቀስኩ። ነርሷም ዓይኗ ረጠበ፤ ግን የምታደርገው ነገር አልነበረም። መቼ ይመለሳሉ ብላት «የሚቀጥለው ዓመት ይሆናል ይላሉ፤ እርግጠኛ አይደለሁም» አለችኝ። እናቴ በእጇ ዳብሳ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ ልጄ። እንሂድ» አለች።

ቤቴ አስገብቼ፣ ምሳ አብልቼ፣ አስተኝቻት ወደ ቆርቆሮው ጥላ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። ሽማግሌው ሰግደው መመለሳቸው ነው መሰል እጃቸው ንጹሕ ነበር። ሲያዩኝ ከኋላዬ መኪና ፈለጉ። መኪና የለም። አንዴ ፊቴን አዩና «ሰው ተጎዳ?» አሉ።

«አልተጎዳም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አነሱ። «ያንቺ ነው። ዛሬ ገባ። ትመለሻለሽ ብዬ አስቀረሁት።»

ካዘጋጀሁት ንግግር ያወጣሁት «መኪናዋ መቂ ቆማለች» የሚለውን ብቻ ነው።

መቂ ድረስ በሚኒባስ አብረን ሄድን። ደላላው እንዳለው እዚያው ቆሞ ነበር፤ መኪናዋን ማንም አልነካትም። ሽማግሌው ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ገቡ። እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«አባቴ፣ ማክሰኞ ዕለት ኛታምቴ ጅርቲ ብለው ከጓደኛዎ ጋር ሳቁ። በማን ነበር?»

«መቼ?» ሥራቸውን አቁመው አሰቡ። «ኤዬ፣ ቴስቲናዋን ነዋ። ተበልታለች፣ አልቃለች ማለቴ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ‹እንደ አንተ ጥርስ ነው?› አለኝ።» ያን ጥርስ የወለቀበትን ድዳቸውን አሳዩኝ። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እኔን መስሎኝ ነበር።»

«አንቺን?» ቀስ ብሎ ገባቸው። «ሰው የሚበላ ጅብ ነው፣ ልጄ» አሉ። አልሳቁም። ቁልፋቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የተሰበረችውን ፈትተው በእጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ልማዳቸው ነው። አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት። የተቀደደ የጎማ ቆብ። ከቆቡ ሥር፣ ግራሶው በተጠረገበት ቦታ ላይ፣ ቀይ ነጥብ።

«ይሄ ቀለም ምንድነው?» አሉኝ።

«ሌባ መያዣ ነው» አልኳቸው።

ማታ የተሰበረውን ዕቃ ይዤ መምጣቴን ለእናቴ ነገርኳት፤ ራት ከበላን በኋላ «አምጪያት እስኪ፣ ያቺን ጉድ» አለችኝ። መዳፏ ላይ አኖርኩላት። አገላበጠቻት፤ በጣቷ የተሰበረበትን ዳበሰች። ጥፍሯ ነጥቡ ላይ ደርሶ ቆመ። «ይቺስ ምንድናት የደረቀችው?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ጥፍር ቀለሙን፣ ሳቁን፣ ሽማግሌው በመስኮት ጎንበስ ብለው ያሉኝን፣ ባለሶፋውን ጋራዥ። ስለ ቡልቡላው ውሸትም ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት።

«አውቄያለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ። ምንም የላትም ስትይኝ ሰማሁት።»

«ታዲያ እማዬ፣ ለምን አቁሚ አላልሽኝም?»

ብረቷን ወደ እኔ መለሰችልኝ።

«ዓይኔን ፈልጌ ነዋ» አለችኝ።